ሰማያዊው ረድፍ

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ይህን ያለ ሰው የአባይን መጨረሻ፣ ራስ አል-በርን፣ አላየም። አባይ ያን ሁሉ አገር ዞሮ ዞሮ እዚያ ሲደርስ ዝግ ይላል፣ ትንሽ ያንቀላፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ ይገባል። ማደሪያ ያጣው አባይ ሳይሆን ኡስታ ሸርቢኒ ነው። ግንድ ይዞ የሚዞረውም እሱ ነበር።

ሸርቢኒ ዳስ ጣይ ነው፤ «ኡስታ» የሚሉትም ለባለሙያነቱ ነው። ሲሚንቶ ገና ያንን አሸዋ ሳይረግጠው፣ ከወንዙና ከባሕሩ መካከል በተዘረጋው ቀጭን ምድር ላይ ዓመት የሚከርም ቤት አልነበረም። ግንቦት ሲጋመስ ቋሚው፣ ማገሩና ሰሌኑ ከዱምያጥ ከተማ በጀልባ ይወርዳል፤ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ ከተማ ይቆማል። ዳቦ ቤቱ ከሰሌን፣ ፀጉር አስተካካዩ ከሰሌን፣ መስጊዱ ሳይቀር ከሰሌን ነበር። መስከረም ላይ ወንዙ ሲሞላና ባሕሩ ሲቆጣ ደግሞ ከተማው ይጠቀለልና ወደ መጋዘን ይመለሳል። ሌላው ሰው አገር ሲለቅ ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ የራስ አል-በር ሰው ጠቅልሎት ይሄዳል።

አባይ ዳር ያለው የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሃያ ሁለት ዳስ፣ ሸርቢኒ ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው። እንጨቱ የየቤተሰቡ ነው፤ ማቆሙ፣ ማንሣቱና በብርዱ ወራት መጠበቁ የእሱ። ነገር ግን ለሃያ ሁለት ቤተሰብ ጣሪያ የሚዘረጋው ሰው፣ ሚስቱን ፊክሪያን ይዞ ከረድፉ ጀርባ አሸዋው ላይ በሸራ ሥር ነበር የሚያድረው። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ አደሩ። ፊክሪያ በየግንቦቱ «ዘንድሮስ?» ትለዋለች። «ለከርሞ» ይላታል። እንጨት የለውም፤ እንጨት ቢኖረው ቦታ የለውም።

የዚህ ሁሉ ጥፋት የአባቱ ነው። ያን ጊዜ በዚያ አሸዋ ላይ ድርጭት አጥማጆችና ዓሣ አስጋሪዎች ብቻ ነበሩ። አንድ የዱምያጥ ነጋዴ ዕቃ የጫነች መርከቡን ሊጠብቅ ሚስቱን ይዞ መጣ። መርከቧ ቀረች። የሸርቢኒ አባት «እንግዳ አሸዋ ላይ አያድርም» ብሎ የራሱን ዳስ ለቀቀላቸውና ሚስትና ልጁን ይዞ ውጭ አደረ። የነጋዴው ሚስት ዓመት ሙሉ ያሰቃያት ሳል በሦስት ሳምንት ለቀቃት። በዓመቱ እህቶቿን፣ ጎረቤቶቿንና የባሏን እናት አስከትላ መጣች። ከዚያ ወዲያ ዳስ መጣል እንጀራ ሆነ። ሰውዬው ለሰው ሲጥል፣ ለራሱ ሳይጥል ሞተ። ሚስቱም «ቤታችንን ለአንድ ሰሞን ብናውሳቸው ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱልንም» እያለች አረጀች። የዚያ የመጀመሪያው ዳስ እንጨት የት እንደገባ ሸርቢኒ አያውቅም ነበር። ብርድ በበረታበት በአንዱ ዓመት እናቱ አንድዳው ይሆናል ብሎ ነበር የተወው።

ሸርቢኒ ፊደል አልቆጠረም። የሃያ ሁለቱን ዳስ እንጨት የሚለየው በሥዕል ነው። አባቱ በጩቤ ይቀርጽ ነበር፤ ሸርቢኒ ግን ትዕግሥት ስለሌለው በቀይ ሸክላ ይቀባል። የአንዱ ቤተሰብ ዳክዬ፣ የአንዱ ማንኪያ፣ የአንዱ ጨረቃ። ትምህርት ቤት የገባችው ልጁ ሰኒያ «አባዬ፣ ቁጥር ልጻፍበት» ብትለው አሻፈረኝ አለ። «ቁጥር ፊት የለውም። ዳክዬ ግን የትም ብታያት ዳክዬ ናት።»

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ሸርቢኒ በብርዱ ወራት ወባ ይዞት አርባ ቀን ተኛ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለሰኒያ እጮኛ ለበደዊ ሰጠው። በደዊ የዱምያጥ የቤት ዕቃ ሠሪ ልጅ ነው፤ አልጋና ቁም ሣጥን ቀለም በመቀባት ያደገ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳይነግሩት የሚሠራ። ሳይነግሩት መሥራቱ ነው ጉድ ያፈላው።

ሰኞ ጠዋት ጀልባው አሸዋው ላይ ተጠግቶ ሸራው ሲገለጥ ሸርቢኒ ዓይኑን አሸ። ሦስት መቶ የሚሆን እንጨት፣ ሁሉም የሰማይ መልክ ይዞ ያበራል።

«በደዊ።»

«አቤት አባቴ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰማያዊ ነው አባቴ።»

«ሰማያዊ መሆኑንማ አየሁ፤ ዕውር አይደለሁም።»

«ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት» አለ በደዊ፣ ምርቃት እየጠበቀ። «እስሩን ሁሉ ፈትቼ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ግን በደንብ ፋቅኩት። ቀይ ቀይ ነገር ተለቃልቆበት ነበር፣ ልጆች የሞነጫጨሩት። እሱን ማስለቀቅ ብቻ ሳምንት ፈጀብኝ።»

ሸርቢኒ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። እንጨቱ እንደ ባለቤቱ መልኩ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይጎብጣል፣ የአንዱ ዳስ ሹል በሌላው ብስ፣ በቀዳዳው፣ አይገባም። በደዊ ቀስ በቀስ ገባውና ፊቱ ራሱ ከእንጨቱ ጋር ተመሳሰለ።

ደንቡን ደግሞ የማያውቅ የለም። ሐሙስ ከአስር ሰላት፣ ከተሲያቱ ስግደት በፊት፣ የመንደሩ ተቆጣጣሪ ሹክሪ ኤፈንዲ መዝገቡን ይዞ በየረድፉ ያልፋል። ረድፉ ያለ አንዳች ክፍተት ቆሞ ከተገኘ ለዳስ ጣዩ ይጸናለታል። ክፍተት ካለበት ለሌላ ይሰጣል። ሌላው ማለት ደግሞ ገንዱር ነው፤ ከኋላ፣ ጉድጓድና ዝንብ በበዛበት ቦታ፣ ሠላሳ ዳስ የሚያቆመው ገንዱር። የአባይ ዳርን ረድፍ ሲመኝ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው።

ሸርቢኒ ተነሣና አሸዋውን አራገፈ። «ስማ ልጄ» አለ። «ሐሙስ ይህ ረድፍ ቆሞ ካልተገኘ፣ ቀለምህንም ቀለበትህንም ይዘህ ወደ አባትህ ቤት ትሄዳለህ።» ሰኒያ ጆሮዋን አላመነችም። በደዊ ግን «እሺ አባቴ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል?

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ለፍተው አንድ ዳስ አቆሙ። እሱም ቢሆን ወደ ወንዙ አዘነበለ። ገንዱር በአህያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየው።

«ኡስታ፣ ዳሱ እየሰገደ ነው ወይስ ሊተኛ ነው?»

«አንተን አይቶ ነው» አለው ሸርቢኒ። «አንተን ያየ ሁሉ ያዞረዋል።»

ገንዱር እየሳቀ ሄደ። ሸርቢኒ ያዘመመውን ዳስ ነቅሎ ጣለው። አባቱ አሸዋ ላይ እያደረ ያቆየውን ረድፍ፣ እሱ በሰማያዊ ቀለም ሊያጣው ነው።

ፊክሪያ ውሃ ይዛለት መጣች። «እኔ ዱምያጥ ልሄድ ነው» አለችው።

«ምን ልትሠሪ?»

«ሴቶቹን ልጠራ።»

«እንዳታደርጊው። የዱምያጥ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። ሳቅ አጥንት አይሰብር። አንተ እኮ ዳሱን የምታውቀው በዓመት ሁለት ቀን ነው፤ ስትጥለውና ስታነሣው። እነሱ አራት ወር ሙሉ ጀርባቸውን ያስደግፉታል።»

«ፊክሪያ፣ እምቢ አልኩ።»

«ሰማሁ» አለችና አይብ ወደሚጭነው ጀልባ ሄደች። ሸርቢኒ «እምቢ» ሲል የመስማት እንጂ የመታዘዝ ልማድ አልነበራትም።

ረቡዕ ፀሐይ ሳትበረታ ሦስት ጀልባ ሙሉ ሴት መጣ። የመጡት ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ በሽንኩርት የተሞላ ዳክዬ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ነጭ አይብ፣ ሽሮፕ የጠጣ ጣፋጭ በትሪ በትሪ። አንዳንዷ ባሏን፣ አንዳንዷ ጎልማሳ ልጇን አስከትላለች። ሸርቢኒ ከጀልባው ጀርባ ሊደበቅ ነበር። መጀመሪያ የወረደችው የሃምዲ እናት ኡም ሃምዲ ግን፣ ሰፊ ሴት ናት፣ ጀልባውን ከክብደቷ አሳረፈችውና «የታለ ሙሽራው?» አለች። «ሰማያዊ ለብሷል ሲሉ ሰማሁ።»

ያ ሁሉ ሴት ሳቀ። ሸርቢኒ ጭንቅላቱን ደፋ፤ ምድር ግን አልዋጠችውም፣ አጥንቱም አልተሰበረም።

ኡም ሃምዲ ከእንጨቱ መሐል ተንበረከከች። ከላይ አይደለም የምታየው፤ ከታች፣ ከጉልበት በታች ነው። በእጇ እየዳበሰች ስድስት ሰባት ካለፈች በኋላ «ይኸውላችሁ» አለች። «ሃምዲ፣ ና እስቲ አፍህን ክፈት።»

ሃምዲ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ጢሙን አሹሎ፣ ጫማውን አስወልውሎ ነው የመጣው። «እማዬ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት ነው ያበቀልከው። ይሄን ቋሚ አንድ ሰሞን ሙሉ ስታኝከው ነው የከረምከው።»

ቀለሙ ጥርሱን አልሸፈነውም፤ አራት ትንንሽ ጉድጓድ ከላይ፣ ሁለት ከታች። ሸርቢኒ እንጨቱን አነሣና በእጁ መዘነው። አንዱ ቋሚ ከታወቀ ሌላው አይጠፋውም፤ የሹሉን መጠን አይቶ፣ የብሱን ጥልቀት በጣቱ ለክቶ፣ ወንድሞቹን ከክምሩ ውስጥ አንድ በአንድ ጠራቸው። ምን ልበል፣ እንዲያው ውሃ ሳይፈላ የኡም ሃምዲ ዳስ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ገበያ ሆነ። እመት ደውለት አጭር ናት፤ ባሏ ደግሞ ዝግባ። እሷ የምትፈልገው ማንም የማይደርስበት ሚስማር ያለበትን ቋሚ ነው። «እኔ እንዳልደርስበት ብሎ ነው እዚያ የመታው» አለች። «ጣፋጩን እዚያ ነበር የሚሰቅለው።»

«ስኳርሽ ነዋ!» አለ ባሏ ከኋላ። «ሐኪም ከልክሏት ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ባልዲ ገልብጬ እየወጣሁ ስበላ ኖርኩ» አለች ደውለት ለሴቶቹ። «እሱ እስከ ዛሬ ጉንዳን ነው ይላል።»

ባልየው ሚስማሩን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እሱ ራሱ መሳቅ ጀመረ። አንዷ ጨው የተነሰነሰበት ዓሣ ታንጠለጥልበት የነበረውን ማገር በጥፍሯ ጫር አድርጋ በአፍንጫዋ አገኘችው፤ ሌሎቹም እያሸተቱ «የሷ ነው፣ የሷ ነው፣ ውሰጅው» ብለው መሰከሩላት።

ጠብ የተነሣው በአንድ ሰሌን ነው። መሐሉ ላይ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ሰሌን። ጎረቤታሞቹ ኡም ሪዝቅና ቡሰይና ሁለት ጫፉን ይዘው ተጓተቱ።

«ቀዳዳው የኔ ነው» አለች ኡም ሪዝቅ። «ወንፊቴን የምትወስጂበት እኮ ነው።»

«የወሰድኩትን ወንፊት መልሻለሁ።»

«ወሬውንስ?»

ሸርቢኒ መሐላቸው ገባ። «ዳሶቻችሁ ጎን ለጎን አይደሉም እንዴ? ሰሌኑ ከመሐል ይቆማል። ቀዳዳው ድሮም የሁለታችሁ ነው።» ሁለቱም እያጉረመረሙ ለቀቁ። ሰሌኑ ተሰቅሎ ሳያልቅ አንዲት እጅ በቀዳዳው አልፋ ቁራጭ ዳክዬ ለማዶው ስታቀብል ታየች።

እኩለ ቀን ላይ ሸርቢኒ አፉን ሞልቶ እየበላ፣ አፉን ሞልቶ እየሳቀ ነበር። ሰኒያ እርሳስ ይዛ በየቋሚው እግር ላይ አንድ ነገር ስትጽፍ ያያት ያን ጊዜ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቁጥር ነው አባዬ። በደዊ ከላይ የአንተን ዳክዬ በቀይ ይስላል፣ እኔ ከሥሩ ቁጥሩን። ለከርሞ ዳክዬዋ ብትጠፋ ቁጥሩ ይቀራል፣ ቁጥሩ ቢጠፋ ዳክዬዋ።»

በደዊ ጥቂት ራቅ ብሎ ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል። ሸርቢኒ ሥዕሉን ጎንበስ ብሎ አየው። «ይቺ ዳክዬ አንገቷ ረዘመ» አለና ወደ ምሳው ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ሃያ አንድ ዳስ ቆሞ ነበር። የቀረው አሥራ ዘጠነኛው ብቻ ነው፤ የመንሱራው ዳኛ ዳስ። ባለቤቶቹ አልመጡም፣ ግን አንድ ዳስ የሚሆን እንጨት ተርፏል፣ እሱ የእነሱ መሆኑ ነው። ሸርቢኒ ሻዩን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል የዳኛው አሽከር በአህያ ደረሰ።

«ዳኛው ቤይ ሰላም ብለውዎታል። ዘንድሮ ሊባኖስ ነው የሚሄዱት። እንጨቱንም በብርዱ ወራት ከመጋዘን አስጭነው ሸጠውታል፤ አርባ ቀን ተኝተው ስለነበር አልሰሙ ይሆናል ብለው ነው የላኩኝ።»

ሸርቢኒ ወደ ረድፉ ዞረ። ሃያ አንዱ ዳስ መሐል አሥራ ዘጠነኛው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው፤ ወንዙ በዚያ በኩል ወለል ብሎ ይታያል። ገንዱር ከኋላ መጥቶ አሸዋው ላይ ዱላውን ተደግፎ መጠበቅ ጀምሯል። እንጨቱ ሲጫን የማን እንደሆነ ያልጠየቀው በደዊ ቀለበቱን በጣቱ ላይ ያዞራል፤ ሰኒያ እንዳያወልቀው እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ታዲያ» አለች ፊክሪያ፣ «ይሄ የተረፈው እንጨት የማን ነው?»

ለካ ማንም አልጠየቀም። ሸርቢኒ ወደ ክምሩ ሄዶ አንዱን ቋሚ አነሣ። ከባድ ነው፤ አሁን የማይገኝ ዓይነት፣ የድሮ እንጨት። አውራ ጣቱን በእግሩ በኩል ሲያሳልፍ ከቀለሙ ሥር አንድ ሰርጓዳ ነገር ነካው። የጩቤ ምልክት ነው። ክብ ሆድ፣ አጭር ክንፍ፣ ትንሽ ምንቃር። ድርጭት። እናቱ ስለ ራሷ ስትናገር «እኔ እንደ ድርጭቷ ነኝ፣ ከባሕር ማዶ መጥቼ ከደከመኝ ቦታ ወደቅኩ» ትል ነበር፤ አባቱም በራሱ ዳስ ላይ የቀረጸላት ምልክት ይሄ ነው። ሸርቢኒ ሁለተኛውን ነካ፣ ሦስተኛውን ነካ። ሁሉም ላይ አለች።

«በደዊ» አለ። «ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«እሱ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከሁሉ ሥር የነበረው ነው አባቴ። ሸረሪት አድርቶበት። ትል እንዳይበላው ብዬ…» በደዊ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «እሱን ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት።»

እናቱ አላነደደችውም። በዚያ ሁሉ ብርድ አላነደደችውም። ሸርቢኒ ቋሚውን እንዳቀፈ አለቀሰ፣ አፍሮም አልተደበቀም። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና «ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «አስር ሰላት ቆሞ ይጠብቃል?»

ዳኛው የለቀቀው ቦታ ተቆፈረ። ሃምዲ የተወለወለ ጫማውን አውልቆ አሸዋ ዛቀ። የደውለት ባል መሰላል ሳያስፈልገው ማገሩን ከላይ ሰካ። ሰሌን አልነበረም፤ ኡም ሪዝቅ ከጣሪያዋ፣ ቡሰይና ከጓሮዋ፣ እያንዳንዷ ሴት የተደረበውን አንሥታ አመጣች። ሸርቢኒ ሲቸኩል ቋጠሮውን ሁለቴ ሳተው። ገንዱር ይህን እያየ ብዙ ታገሠ፤ በመጨረሻ ዱላውን ጣለና ገመዱን ከእጁ ነጠቀው።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አለ። «እንዲህ ያለ ቋጠሮ ማየት ግን አልችልም።»

ሹክሪ ኤፈንዲ ከወንዙ አፍ በኩል በከዘራው እያንዳንዱን ቋሚ እየነካ መጣ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠነኛው ጋ ሲደርስ ገንዱር የመጨረሻውን ሰሌን አስሮ እጁን እያራገፈ ነበር። ኤፈንዲው መነጽሩን አስተካከለ።

«የዳኛው አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አለ ሸርቢኒ።

«ታዲያ የማን ብዬ ልጻፍ?»

ሸርቢኒ ስሙን ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። «የፊክሪያ» አለ።

«ፊክሪያ ማን?»

«የኔዋ።»

ኤፈንዲው ጻፈ፣ የቀሩትን ሦስቱን ነክቶ ረድፉን ጨረሰ፣ መዝገቡን ዘጋ። «ክፍተት የለም» አለ፤ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ዞር አለና «ቀለሙ ያምራል፣ ማን ነው የመረጠው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቅ አፍኖት ወደ በደዊ ዞረ።

በደዊ ጠጋ አለ። «አባቴ፣ ቀለበቱስ?»

«ጣትህ ላይ አይደለም እንዴ? ምን እኔን ትጠይቀኛለህ? ይልቅ ያቺን ድርጭት በሩ ላይ በቀይ ሳላት። ሰኒያም ከሥሯ ቁጥሯን ትጻፍበት።»

ሥዕሉ ሲያልቅ፣ ቁጥሩ ሲጻፍ፣ ሴቶቹ ወደየዳሳቸው ሲበተኑ፣ ሸርቢኒ ሚስቱን ፈለገ። ከረድፉ ጀርባ ያለው ሸራ ተነሥቷል፤ ድስቱም፣ ወንፊቱም፣ ፍራሹም የለም። ወደ አሥራ ዘጠነኛው ዳስ ሄደ። የበሩ ሰሌን ወርዷል። እንዲሁ ሊገባ አሰበና አንድ ነገር ያዘው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የጣለውን ዳስ ቋሚ በጣቱ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ፊክሪያ ከውስጥ፣ ልክ እንደማታውቅ።

«እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እንዲያ ብለህ እንዳትገባ። እግርህን አራግፍ። ቤቴን አሸዋ በአሸዋ ልታደርግብኝ ነው?»

ሃያ ሰባት ዓመት አሸዋ ላይ ያደረው ሰው ደጃፉ ላይ ቆመ። ቀኝ እግሩን አራገፈ፣ ግራውን አራገፈ፣ ደስ ስላለው ደግሞ ቀኙን እንደገና አራገፈና ገባ።